ቅድስናው ይቅደም፦ በወሎ ለካቶሊክ ወጣቶች ስለ ጥሪ ስታስተምሩ

ከውጭ የሚመጡ የወጣቶች ትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት ልጆቹ ለምሥጢረ ሜሮን እየተዘጋጁ ነው በሚል ግምት ነው። በላቲን ሥርዓት አገሮች ሜሮን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ልጁ ከፍ ካለ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ቅድስናና ስለ ጥሪ (እግዚአብሔር እያንዳንዱን ስለሚጠራበት የኑሮ መንገድ) የሚሰጠውም ትምህርት በዚያ ዝግጅት ውስጥ ይካተታል። እዚህ በምንከተለው በግእዝ ሥርዓት ግን ሜሮን የጥምቀት ተከታይ ነው፤ ሕፃኑ ተጠምቆ ወዲያው ይቀባል። ስለዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊታችሁ የተቀመጠ የ15 ዓመት ልጅ ይህን ትምህርት ሲጨርስ የሚቀበለው ምሥጢር የለም። ጉዳቱ ይታወቃል፦ የመጨረሻ ቀን የሌለው ትምህርት በፈተና ሰሞን ይበተናል። ጥቅሙ ግን ይበልጣል። «ለቅድስና የሚያስፈልግህ ሁሉ በጥምቀትህ ቀን ተሰጥቶሃል፤ እዚህ የምንማረው እንዴት እንደምትኖርበት ነው» ማለት ትችላላችሁ። መጽሐፉን ስትጠቀሙ «ሜሮንን ስትቀበሉ…» የሚለውን ሁሉ «ሜሮንን ስለተቀበላችሁ…» እያላችሁ አንብቡት፤ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ቡድኑ ማነሱ አያሳስባችሁ። ወሎ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ ነው፤ በዚህ ሰፊ አገር ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው። ሰባት ልጅ ከመጣ በሰባት ይሠራል። የሚያስቸግረው የዕድሜ ርቀቱ ነው። የ13 ዓመቱ ልጅና የ18 ዓመቷ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ትልልቆቹ ዝም ይላሉ፣ ትንንሾቹ ይሳሳቃሉ። ስለ ቅድስና አንድ ላይ አስተምሯቸው፤ ስለ ትዳር፣ ስለ ምንኩስናና ስለ ክህነት ሲሆን ግን 13–15 እና 16–18 ብላችሁ ለዩአቸው። ለአንድ ጊዜ 75 ደቂቃ ይበቃል። ብዙዎቹ እህል ሳይቀምሱ ስለሚያስቀድሱ ሻይና ዳቦው ከትምህርቱ በፊት ይቅረብ።

ትምህርቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነው። ብዙ ጊዜ «የጥሪ ቀን» ይባልና ከአዲስ አበባ አንድ አባት ወይም አንዲት ሲስተር ይመጣሉ፣ ፎቶ ይታያል፣ «ከእናንተ መካከል ማን ነው የሚመጣው?» ይባላል። ሁለት ልጆች እጅ ያወጣሉ። የቀሩት ደግሞ ሳይነገራቸው አንድ ነገር ይማራሉ፦ ቅድስና የእነዚያ የሁለቱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ሉመን ጀንሲየም በተባለው ሰነዱ አምስተኛውን ምዕራፍ በሙሉ የሰጠው ለዚህ ነው፤ በማንኛውም የኑሮ ደረጃ ያለ ምእመን ሁሉ ወደ ክርስቲያናዊ ሕይወት ሙላትና ወደ ፍቅር ፍጹምነት ተጠርቷል። ስለ መነኮሳት የሚናገረው ስድስተኛው ምዕራፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም በዚያው ቅደም ተከተል ሂዱ፤ ቢያንስ አራት ሳምንት ስለ ቅድስና ብቻ አስተምሩ። የገዳምና የዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ስም በእነዚህ ሳምንታት ባይነሳ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ወረቀትና እርሳስ ስጡና በ10 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቅዱስ ሰው እንዲስሉ አድርጉ። ነጭ ጺም፣ መቋሚያ፣ ዋሻ፣ በራስ ዙሪያ ክብ ብርሃን ይመጣል፤ ሴት የሚስሉ ጥቂት ናቸው፣ ልጅ ያቀፈ ሰው የሚስል ከናካቴው ላይገኝ ይችላል። አትሳቁባቸው፣ አታርሟቸውም። ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ላሊበላ ማን እንደነበር ጠይቁ። የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ንጉሥ ነበር፣ ባለትዳርም ነበር፣ የሚስቱ የመስቀል ክብራም ስም በቅድስና ይነሳል። የልጆቹ ሥዕል ጠባብ መሆኑን የገዛ አገራቸው ታሪክ ይነግራቸዋል። ከዚያ 1ጴጥ 1፥15–16 ይነበብ፤ «እኔ ቅዱስ ነኝና ቅዱሳን ሁኑ»። ጴጥሮስ ይህን የጻፈው ቤትና ጎረቤት፣ አሳዳሪ ጌታና ሚስት ላላቸው ሰዎች መሆኑን አሳዩአቸው።

ምሳሌ ስትመርጡ ሥራ ያላቸውን ሰዎች ምረጡ። ፍሎሪበር ብዋና ቹዪ በኮንጎ ጎማ ከተማ ድንበር ላይ የሚገባን ዕቃ የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነበር፤ የተበላሸ ምግብ እንዲያሳልፍ የቀረበለትን ጉቦ አልቀበልም በማለቱ በ2007 ተገደለ፣ በ2025 ብፁዕ ተባለ (ቅዱስ ከመባል በፊት ያለው ማዕረግ ነው)። የንግድ መኪና ሲያልፍ እያየ ያደገ ልጅ ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቤኔዲክት ዳስዋ በደቡብ አፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርና የልጆች አባት ነበር፤ መብረቅ ያወረደው ማን እንደሆነ ጠንቋይ እንዲለይ መንደሩ ገንዘብ ሲያዋጣ አላዋጣም ብሎ በ1990 ተገደለ። ካርሎ አኩቲስ በሉኪሚያ የሞተው በ15 ዓመቱ ነው፤ በ2025 ቅዱስ ተባለ፣ ኮምፒውተር ይወድ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ለልጆቹም ንገሯቸው፣ አለዚያ ሒሳቡን እያሰቡ ታሪኩ ያመልጣቸዋል።) ሦስቱን በአንድ ቀን አታውሩ። በሳምንት አንድ ሰው ይበቃል።

ብፁዕ ገብረ ሚካኤል የግድ መነሳት አለበት፤ የጎጃም ሰው፣ የተማረ መነኩሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ የሞተ ሰማዕት ነው። ግን ጠንቀቅ በሉ። ታሪኩ በጊዜው ከነበረው የኦርቶዶክስ መሪና ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በስሜት ከተነገረ ልጁ ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዶ ከጓደኛው ጋር ይጣላበታል። ክብደቱን በሰውየው ላይ አድርጉ፦ እውነትን ለማግኘት ከገዳም ገዳም የዞረ፣ ያገኘውን ደግሞ ያልካደ ሰው።

በወሎ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አያቴ ሙስሊም ናት፤ ከሁላችንም ይልቅ የምትጸልየው፣ ለድኻ የምትሰጠው እሷ ናት። እሷስ?» በአንድ ቤት መስቀልና መስገጃ የሚገኝበት አገር ነውና ልጁ ጥያቄውን የሚያነሳው ለክርክር አይደለም። «እሱን ሌላ ጊዜ» ካላችሁት ሌላ ጊዜ አይመጣም። መልሱ እዚያው ሉመን ጀንሲየም ቁጥር 16 ላይ አለ፤ ያለ ራሳቸው ጥፋት ክርስቶስን ያላወቁ፣ እግዚአብሔርን ግን በቅን ልብ የሚፈልጉና በጸጋው ተረድተው እንደ ኅሊናቸው የሚኖሩ ሰዎች ድኅነትን ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዱን እግዚአብሔር ስለሚያመልኩ ሙስሊሞችም በስም ይናገራል። ቀጥላችሁ ደግሞ «አንተ ግን ክርስቶስን አውቀሃል፤ የሚጠበቅብህም በዚያው ልክ ነው» በሉት።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሳምንት ሥራ ይሰጥ። አንድ ድርጊት ብቻ ይሁን፤ ሰዓቱና ቦታው የታወቀ፣ በራሱ ግዴታ ውስጥ ያለ፣ ለሰው የማይታይ። «ከእንግዲህ አልዋሽም» አይሠራም፤ እስከ ማክሰኞ ይፈርስና ልጁ ለራሱ ተስፋ ይቆርጣል። «ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሳልጠየቅ ውኃውን እሞላለሁ» ይሠራል። «ክፍል ውስጥ የሚሾፍባት ልጅ ስትነሳ ወሬውን አላስቀጥልም» ይሠራል። እሑድ ሲመለሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ተሠራ? ምን አሰናከለ? ምን ይቀየር? ያልሠራውን አትውቀሱ፣ የሠራውንም አታስጨብጭቡለት፤ ጭብጨባ የለመደ ልጅ በአራተኛው ሳምንት ያልሠራውን ሠራሁ ማለት ይጀምራል። በሦስተኛው ሳምንት ቄሱ ለንስሐ እንዲቀመጡ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህ ከቀረ ትምህርቱ ሳይታወቅ ወደ ጠባይ ማረሚያ ይለወጣል፤ ልጁ በጉልበቱ ሞክሮ በጉልበቱ ይወድቃል፣ ጸጋ የሚባለውንም ነገር አንድም ቀን ሳይቀምስ ይሄዳል።

የዝምታ ጸሎትን በ3 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ስልክ በቅርጫት ይሰብሰብ፣ የእናንተም ጭምር። የሚሳሳቁት ፊት ለፊት ሲተያዩ ስለሆነ ሁሉም ወደ መንበሩ ዞረው ይቀመጡ። ንባቡ 1ሳሙኤል 3 ይሁን። ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» እንዲል የነገረው ዔሊ ነው። ድምፁ የእግዚአብሔር መሆኑን ልጁ ብቻውን አልለየውም። «እግዚአብሔር በሕልም ነግሮኛል» የሚል ልጅ ሲገጥማችሁ ይህን ምዕራፍ አብራችሁት አንብቡ፤ ከዚያ ሦስት መመዘኛ ስጡት፦ ፍላጎቱ ወራት አልፈውም ይቆያል? ጤናው፣ ጠባዩና ትምህርቱ ይፈቅዳሉ? ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች? አንዱ ከጎደለ ይጠበቃል።

ከዚህ በኋላ ነው የኑሮ ደረጃዎቹ የሚመጡት። ባልና ሚስት፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት ሲስተር ጋብዙ፤ ለእያንዳንዱ ወገን 10 ደቂቃ ስጡ። እንግዶች ስለ ልጅነታቸው ለ40 ደቂቃ ማውራት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ ስጧቸው፦ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ትሠራላችሁ? ከባዱ ምንድን ነው? ገንዘቡስ እንዴት ነው? የልጆቹን ጥያቄ ስም በሌለው ወረቀት ሰብስቡ፤ በቃል የሚመጣው ጥያቄ የይሉኝታ ነው፣ እውነተኛው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

«የኦርቶዶክስ ቄስ ያገባል፣ የእኛ አባ ለምን አያገቡም?» የሚለው ከወረቀቱ አይጠፋም። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ያገባ ሰው ሊካን ይችላል፣ ባለትዳር ካህናትም በክብር ይታያሉ፤ ከተካኑ በኋላ ማግባት ግን የለም። አለማግባት ለመንግሥተ ሰማይ ሲባል የሚመረጥ ኑሮና የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ዶግማ (የማይለወጥ የእምነት ትምህርት) አይደለም። ዕድሜም ይጠይቃሉ፦ ወደ መነኮሳት ማኅበር ለመግባት የሚደረገው የሙከራ ጊዜ (ኖቪሺየት) ከ17 ዓመት በፊት አይጀመርም፤ በምሥራቁ ሕግ ክህነት ቢያንስ 24 ዓመት ይጠይቃል።

ስለ ተክሊል ስታስተምሩ መጀመሪያ 18 የሚለውን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የአገሪቱ ሕግ ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በሚታወቅበት አገር «ትዳርም ጥሪ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ከተነገረ፣ ዘመድ የ15 ዓመቷን ልጅ ለመዳር ሊጠቅሰው ይችላል። ከዚያ፦ በግዳጅ የተሰጠ ፈቃድ ተክሊልን አያጸናም። ካቶሊክ ከኦርቶዶክስ ጋር ሲጋባ ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ካልተጠመቀ ሰው ጋር ሲሆን ሕጋዊ ዕንቅፋቱ አስቀድሞ መነሳት አለበት። በወሎ ይህ ለብዙዎቹ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ከወደዱ በኋላ ከሚሰሙት አሁን ይስሙት።

ከ16–18 ባለው ቡድን ውስጥ ዓረብ አገር መሄድን የምታስብ ልጅ ትኖራለች፤ ደላላው ከናንተ በፊት አነጋግሯት ሊሆን ይችላል። ጉዞውን በደፈናው ኃጢአት አታድርጉት፣ «ለቤተሰብሽ መሥዋዕት መሆንሽ ነው» ብላችሁም አትባርኩት። ጥሪ ነፃነት ይፈልጋል፤ ጥያቄውም ከዚያ ይጀምራል፦ የወሰነው ማነው? ዕዳው በማን ስም ነው? ፓስፖርቱን የሚይዘው ማነው? ሳትሄጂ ብትቀሪ ቤት ውስጥ ማን ይቆጣል? መልሱን እሷ ራሷ ስትናገረው ከእናንተ ስብከት ይልቅ ይሠራል።

የመነኮሳት ማኅበራትን ለመጎብኘት ሲኬድ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፣ ሁለት አዋቂዎች ይሂዱ፣ ሁለት ሌሊት ይበቃል። ከልጅ ጋር ብቻችሁን ስትነጋገሩ በሩ ክፍት ይሁን፣ ወይም ሰው በሚያያችሁ ግቢ ተቀመጡ፤ «ለወላጆችህ እንዳትነግር» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ነፃ ትምህርትና ምግብ ያለበት ቤት ለድኻ ቤተሰብ ትልቅ ነገር መሆኑንም አትርሱ። እገባለሁ ለሚል ልጅ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «የትምህርት ወጪህን እዚሁ ደሴ የሚሸፍንልህ ሰው ቢገኝ፣ ያኔም ትሄዳለህ?» ወዲያው እንዲመልስ አትጠብቁ። ወር ስጡትና እንደገና ጠይቁት፤ «አልሄድም» ካለም የሳምንቱ ሥራ እንደ በፊቱ ይቀጥላል።