በሙዚየም ያየሁትን ገበያ ወርጄ ስፈልግ

ጅማ ውስጥ የሚታይ ነገር ተከፈተ ከተባለ አልቀርም፤ ሙዚየሙ፣ የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ዐውደ ርእይ፣ የበዓል ሰሞን ባዛር፣ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚሰቅሉበት አዳራሽ። ቤት ያሉት «ዛሬ ደግሞ ምን ተሰቀለ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ኖሮኝ አይደለም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን አመል ያስያዘኝ አንድ በርጩማ ነው።

በጅማ ሙዚየም ከሚታዩት የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ዕቃዎች መካከል ከእንጨት የተፈለፈሉ መቀመጫዎች አሉ። አስጎብኚዋ «ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ ምስማርም ሙጫም የለበትም» አለችን። እኛም «ይገርማል!» ብለን ወደሚቀጥለው ዕቃ አለፍን። ምኑ እንደሚገርም የገባኝ ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ በርበሬ ልገዛ ወርጄ፣ በርጩማ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ፊት ስቆም ነው።

ሰውዬው በርጩማዎቹን እግራቸውን ወደ ላይ ደፍተው ነበር የደረደሯቸው። «አባባ፣ ምነው ደፏቸው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የሚያውቅ ገዢ ከላይ አያይም» አሉኝና አንዱን አንስተው ሰጡኝ። ከሥሩ የመሮው ፈለግ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አጫጭር ጭረቶች ከእያንዳንዱ እግር ተነስተው ወደ መሀል ይገናኛሉ። ጣቴን እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚጋጠምበት ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ዳብሺ» አሉኝ። መጋጠሚያ አልኩት እንጂ የተጋጠመ ነገር የለም፤ ያው አንዱ እንጨት ነው የሚታጠፈው። ዋንዛው ገና እርጥብ ሳለ ነው የሚፈለፈለው፤ መጀመሪያ በመጥረቢያ ቅርጽ ይይዛል፣ ከዚያ በመሮ ይወጣል። ሲያልቅ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ቶሎ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው እሳቸው ጣቴን ካስቀመጡበት ቦታ ነው። ሦስት እግር የሆነበትም ምክንያት አለው፤ አራት እግር ያለው ወንበር ጎርባጣ መሬት ላይ ይወላገዳል፣ ሦስት እግር ያለው ግን የትም ይረጋል።

በርበሬውን ትቼ ሙዚየም አልሄድኩም፤ በርበሬውም ተገዛ፣ ተፈጨ። በሌላ ቀን ግን ተመልሼ ገባሁና ያንን መቀመጫ ከሥሩ ለማየት ቁጢጥ አልኩ። አስጎብኚዋ ሳቀችና «እህቴ፣ ምን ወደቀብሽ?» አለችኝ። የምፈልገውን ስነግራት እሷም አጠገቤ ቁጢጥ አለች። የመሮው ፈለግ ከገበያው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ለንጉሥም የሠራ ለእናቴ ወጥ ቤትም የሠራ እጅ የሚሄድበት መንገድ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ አለ፤ አንድ ዕቃ ለእይታ ቀርቦ ካየሁ፣ ሲሠራ ወይም ሲሠራበት የማይበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ከሩቅ ለሚመጡ ዘመዶቼም ይህንኑ ነው የምላቸው። ጅማን ማየት ከፈለጋችሁ ረቡዕ ማታ ግቡ፣ ሐሙስን ለሂርማታ ስጡ፣ ሙዚየሙ ከዚያ በኋላ ይሁን። አንዳንዶቹ «ለሽርሽር መጥተን ገበያ?» ይላሉ። እንደፈለጋቸው።

በነገራችን ላይ ሂርማታ ከከተማዋ ታሪክ ተነጥሎ የሚታይ ገበያ አይደለም። በጅማ ነገሥታት ዘመን ሐሙስ ሐሙስ እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ተጽፏል። ይህን ይዤ ነው ጅሬን የወጣሁት። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው መሀል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በባጃጅ ይኬዳል፣ ክረምት ከሆነ ግን የጅማን ጭቃ የሚያውቅ ጫማ ያስፈልጋል። ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ማየት ብቻውን ያስወጣል። መስጊዱም እዚያው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አትርፈዋል፤ የጅማም ራስን ማስተዳደር እስከ ዘመናቸው ማብቂያ ቆይቷል። የአያታቸው ወንድም ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አካባቢ ነው።

አስጎብኚዎች ይህን ሁሉ አሳምረው ይናገሩታል። እኔ ግን በረንዳው ላይ ቆሜ የጠየቅሁት ስለ ገበያው ነው፤ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ምን ይሸጥ ነበር? አስጎብኚው ልጅ ቡና አለ፣ ዝባድ አለ፣ የዝሆን ጥርስ አለ። ትንሽ ዝም ብሎ «ሰውም ይሸጥ ነበር» አለኝ። እውነት ነው፤ ጅማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከትልልቆቹ የባሪያ ንግድ መናኸሪያዎች አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለው ነገር በመግለጫ ወረቀት ላይ ተጽፎ እስኪገኝ ከጠበቁ ብዙ ይጠበቃል፤ ሲጠየቅ ግን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የተማረከ ሰው የሄደበትን መንገድ ቁልቁል እያዩ መስማትና አዳራሽ ውስጥ ማንበብ አንድ አይደለም።

የሃይማኖት ዐውደ ርእይ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ሁሉም ነገር በቃል የተጠና ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ነጠላቸውን መስቀልያ ያጣፉ ወጣቶች ሕዝቡን በቡድን ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ያሻግሩታል፣ አንዱ ቡድን ሳይወጣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ልጆቹ ትንፋሽ ሳይወስዱ ነው የሚያስረዱት፤ መሀል ላይ የጠየቃቸው ሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እሰማና ቡድኑ ሲያልፍ ወደ ኋላ እቀራለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ቀርቼ፣ በሥዕሉ ላይ ይሁዳ ለምን ፊቱን አዙሮ አንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚታይ ልጁን ጠየቅሁት። ፈገግ አለና «መሪጌታን ልጥራልሽ» አለኝ። መሪጌታም መጥተው አስረዱኝ፤ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ከሓድያንና አጋንንት በጎን በአንድ ዓይን። «አሁን እዚህ አትቁሚ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግድግዳውን ዙሪያውን እይው» አሉኝ።

ዞርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሳለመው ግድግዳ ነው፤ ዓይን እየቆጠርኩ ሳየው ግን አዲስ ሆነብኝ። የመቅደሱን በሮች ሰይፋቸውን መዝዘው የሚጠብቁት መላእክት፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን በነጭ ፈረሱ የሚቆመው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሁሉም ያዩኛል። ከፈረሱ እግር ሥር ያለው ዘንዶ ብቻ ነው ወደ ሌላ የሚያየው። ድንኳኑ ውስጥ አምፖል በርቶለት የቆመው ሥዕለ አድኅኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መጋረጃ አለው። መጋረጃው ሲገለጥ አንዲት እናት ግንባራቸውን አስነክተው ሲመለሱ አየሁ። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እዚያ ስልክ ማውጣት አይታሰብም፤ በሌላውም ቦታ ቢሆን ሳልጠይቅ ፎቶ አላነሳም።

ከእስልምናው ወገን የማውቀው ያነሰ ስለነበር ጎረቤቴን እትዬን አስቸገርኩ። በአንድ የባህል ዐውደ ርእይ ላይ ሎህ ተሰቅሎ አይተን ነበር፤ የቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ። ንጹሕ፣ የተወለወለ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ። እትዬ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ይኼማ ያልጻፉበት ነው፤ ነይ የተጻፈበቱን ላሳይሽ» አሉና ልጆች ቁርኣን ወደሚቀሩበት ቦታ ወሰዱኝ። ሻርፔን አስተካክዬ ጫማዬን አውልቄ በር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ይጽፋሉ፣ ጮክ ብለው ይቀራሉ፣ በቃላቸው ሲይዙት ሰሌዳውን ያጥቡትና ሌላ ይጽፉበታል። ስንት ዓመት የታጠበ እንጨት ምን እንደሚመስል እዚያ አየሁ፤ ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ሄዷል። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ «ቀጥሎ መውሊድ ነው፤ መንዙማ ሳትሰሚ ስለ ጅማ እንዳትጽፊ» አሉኝ። ገና ያኔም እጽፋለሁ ብዬ አልነገርኳቸውም።

ባዛሩን በአጭሩ ላልፈው ነበር፤ ምክንያቱም ከሥዕል ይልቅ የጁስ መፍጫ ይበዛበታል፣ ድምፅ ማጉያውም አያስወራም። ነገር ግን ከወደ ጥግ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ወጣት ሠዓሊ ይገኛል፤ የተሰቀለውም በአብዛኛው ጀበና፣ ረከቦት፣ ቡና የምታፈላ ሴት ነው። ሰው ሁሉ መጥቶ ስንት ነው ብሎ ይሄዳል። እኔ ከዋጋ በፊት ስለ አሠራሩ ነው የምጠይቀው፤ በምን ላይ እንደሣለው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ። አንዱ ልጅ ሸራ ስለሚወደድበት አቡጀዴ ወጥሮ ኮላ ቀብቶ እንደሚሠራ ነገረኝና ጀርባውን ገልብጦ አሳየኝ። ወሬው ሲሞቅ «ያልሰቀልከው አለህ?» አልኩት። ከጠረጴዛው ሥር አንድ አወጣ፤ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ሕንፃ፣ ዝናብ፣ ከበረንዳው ሥር የተጠለሉ የባጃጅ ሾፌሮች።

ያንን ሕንፃ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጅማን በደቡብ ምዕራብ ላቋቋሙት ግዛት መቀመጫ ሲያደርጓት ካቆሟቸው መካከል ነው፤ ቀለሙ ከየት ጀምሮ እንደተላጠ አውቃለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው በየትኛው ጥግ እንደሚጠለልም። ልጁ ጥጉን አልሳተም። «ለምን አልሰቀልከውም?» ስለው «እህቴ፣ ጀበና ነው የሚሸጠው፤ ዋጋም አላወጣሁለት» አለኝ። ተነጋግረን ግማሹን ያኔውኑ፣ ግማሹን ደመወዝ ስቀበል ከፈልኩት። አሁን ሳሎን ነው ያለው። እናቴ «ለግድግዳ የሚሆን የቆርኪ ሥዕል ሞልቶ ለዚህ ዝናብ ገንዘብ ታወጫለሽ» ትላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።