ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም

የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከመልሱ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ከጀርባው ያለው ምክንያት ነው። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው ብዙ ሰው ያውቃል። ሁለቱ ልቦች ደምን ወደ ስንጥቦቹ ሲገፉ፣ ሦስተኛው ከዚያ ኦክስጅን ይዞ የተመለሰውን ደም ለቀረው ሰውነቱ ያሰራጫል፤ ደሙም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ አማካይነት ስለሆነ ሰማያዊ ነው። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን እንስሳው በሚዋኝበት ጊዜ ይህ ሦስተኛው ልብ መምታቱን ማቆሙ ነው። መዋኘት ቶሎ ስለሚያደክመው በባሕር ወለል ላይ እየተሳበ መሄድን ይመርጣል።

ፕላኔቷ ቬነስ በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 የምድር ቀናት ሲፈጅባት፣ ፀሐይን ለመዞር 225 ቀናት ገደማ ይበቃታል። ጠያቂዎች «ቀኗ ከዓመቷ ይረዝማል» ብለው ብቻ ሲያልፉት ግን ቅር ይለኛል፤ ከአንድ የፀሐይ መውጫ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 117 የምድር ቀናት ያህል ብቻ ነውና።

የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር የሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ በተሮጠው መንገድ ልክ ሲሆን፣ ቋሚ መለኪያ ሆኖ የጸደቀው በ1921 ነው።