ቁጥሩ ሞልቶ ሰው የጎደለ ዕለት

የምሠራው አሜሪካ፣ ከኮሎራዶ ዋና ከተማ ከዴንቨር ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን አውሮራ የምንኖር ሐበሾች ነን። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ፈቃደኛ የሆነውን ሠራተኛ ተራራ ያወጣል። ሁሉም ሰው የገና አባት ልብስ ይለብሳል፤ ቀይ ኮት፣ ቀይ ሱሪ፣ ነጭ የጥጥ ጺም። ተሰልፈን በረዶው ላይ ስንወጣ መንገደኛው ሁሉ ፎቶ ያነሳናል። ይህን ቀን ከልቤ እወደዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ በፎርክሊፍት ጩኸት መሀል ሰላም እንኳ በቅጡ የማንባባል ሰዎች እዚያ ላይ እንተዋወቃለን።

የዚያን ዓመት የሄድነው ቦልደር ከተማ ጥግ ወዳለው ሳኒታስ ተራራ ነው። ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ካሉት ኮረብታዎች አንዱ ነው። ቦልደር 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳኒታስ ጫፍ ደግሞ 2,090 ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ይላል። ችግሩ ከፍታው ሳይሆን መረገጫው ነው። የኮሎራዶ ፀሐይ ቀን በረዶውን ታቀልጠዋለች፤ ማታ ተመልሶ ይረጋል። ብዙ እግር ያለፈበት ድንጋይ ላይ ሲሆንማ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። የአገሩ ሰው ለዚህ ብሎ ጫማው ላይ ጥርስ ያለው የብረት ሰንሰለት ያጠልቃል። ከእኛ መሀል ያንን ያደረጉት ጥቂቶች ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። የመረጥነው መንገድ ዙሪያ ነበር። በደቡብ በኩል ሸንተረሩን ይዘው ወጥተው፣ በምሥራቅ በኩል ይወርዳሉ። እንግዲህ ወጪው መንገድ ላይ የቀረ ሰው ካለ፣ ወራጁ አያገኘውም ማለት ነው።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ነፋሱ በረታ። አስተባባሪዋ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረችን። "ሃያ ሁለት! ሙሉ ነን!" አለች። ተጨበጨበ። ፎቶ ተነሳን። ልንወርድ ነው።

እኔ ፔርሙስ አውጥቼ ሻይ መቅዳት ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ኩባያ ያሰብኳት ለአንድ ልጅ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሥራም የጀመረው በቅርብ ነው። ጠዋት መኪና ውስጥ "ጋሼ፣ እኔ እኮ እንጦጦን በስኒከር እየወጣሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ" ሲለኝ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩ። ቀያዮቹ ሁሉ ዞር ዞር አሉ፤ እሱ ግን የለም።

አስተባባሪዋ እንደገና ቆጠረች። አሁንም 22።

በዚህ መሀል ዳር ላይ የቆመ አንድ የገና አባት ጺሙን ወደ አንገቱ ዝቅ አድርጎ ውሃ ተጎነጨ። ማናችንም አናውቀውም። ለካ የቦልደር ሰው ነው፤ እሱም ለበዓሉ ለብሶ ከጓደኞቹ ቀድሞ ወጥቷል። የእኛ ሰዎች "ና፣ ፎቶ እንነሳ" ሲሉት ደስ ብሎት ገባ። ነገሩን ስንነግረው ፊቱ ተለወጠ። "ታች አንድ ቀይ ልብስ የለበሰ ድንጋይ ተደግፎ አይቻለሁ። ሰው የሚጠብቅ መስሎኝ አለፍኩት" አለ።

ሦስት ሆነን በመጣንበት ወረድን፤ እሱ፣ የፈረቃ ኃላፊያችንና እኔ።

ልጁ እንደተባለው ድንጋዩ ሥር ነበር። የጥጡ ጺም በትንፋሹ ረጥቦ፣ በረዶ ሠርቶ አገጩ ላይ ተጣብቋል። ከቀዩ ሱሪ ሥር የለበሰው ጂንስ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ወድቆ ነበር። የኮቱን ዚፕ ለመዝጋት ይታገላል፤ ጣቶቹ እንቢ ብለውታል። "ደህና ነኝ ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው" ሲለኝ ምላሱ ተሳስሯል።

ተራራ የሚወጡ ሰዎች ብርድ ሰውን መጉዳት ሲጀምር የሚያዩት ይህንን ነው። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ይደናቀፋል፣ ዕቃ ከእጁ ያመልጠዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ያለምክንያት ይነጫነጫል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ነገሩ ለሕይወት ያሰጋል። ጥጥ የነካው ልብስ ሁሉ እዚህ ላይ ጠላት ነው። አንዴ ከረጠበ ሙቀት መያዙን ይተዋል። ቲሸርቱ በላብ፣ ጂንሱ በበረዶ ርሰዋል። የገና አባት ልብሱ ደግሞ ስስ ነው፤ ነፋስ አይመልስም።

ቲሸርቱን አወለቅንለት። ያ የቦልደር ሰው ከቦርሳው ደረቅ የሱፍ ሹራብ አወጣ። ኃላፊያችን ወፍራም ጃኬቱን ደረበለት። ቦርሳ ላይ አስቀምጠን ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ አጠጣነው። እንግዳው የራሱን የብረት ሰንሰለት አውልቆ ለልጁ ጫማ አደረገለት። ንግግሩ መለስ ሲል ነው እኔም የተነፈስኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታለች። በዲሴምበር እዚያ አገር ከ11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች።

"ለምን አልደወልክም?" አልኩት መንገድ ላይ። ስልኩ በብርዱ ጠፍቶበት ነበር። "ቢሠራም አልደውልም ነበር ጋሼ" አለኝ። "ሄሊኮፕተር ልከው የማልከፍለው ዕዳ ቢጭኑብኝስ? የሙከራ ጊዜዬንም አልጨረስኩ። ገና ከመግባቴ ደካማ ነው ይበሉኝ?"

ይህ አባባሉ እስካሁን ያንገበግበኛል። ብዙ ወገኖቻችን እንደሱ ያስባሉና ልናገረው። ቦልደር አካባቢ ሰው ተራራ ላይ ሲቸገር የሚወጡት ከ1947 ጀምሮ ያሉት የሮኪ ማውንቴን ሬስኪው ግሩፕ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለማዳን ሥራቸው ገንዘብ አይጠይቁም። አምቡላንስና ሆስፒታል ሌላ ሒሳብ ነው። ቡድኑ ከተራራው ለማውረድ ግን አያስከፍልም። 911 መደወል ብቻ ነው። ስለ መኖሪያ ወረቀት ከመምከራችን በፊት ለአዲስ መጪ ልንነግረው የሚገባው ይህንን ዓይነት ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት የፈረቃ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። መጋዘናችን ውስጥ ካርቶን በቁጥር ብቻ ተረክበን አናውቅም። መቶ ካርቶን ታዞ መቶ ሊመጣ ይችላል፤ ከመሀሉ አንዱ የሌላ ደንበኛ ዕቃ ቢሆንስ? ለዚህ ነው እያንዳንዱን በስካነር የምናነበው። ለካርቶን ያደረግነውን ለሰው እንዴት አላደረግንም? ያልኩት ይህንኑ ነው። ማንንም ለመክሰስ አልነበረም። አስተባባሪዋ ያንን ጉዞ ከራሷ ጊዜ ሰውታ የምታዘጋጅ ደግ ሴት ናት። ስብሰባው ላይ አልተከራከረችም፤ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

በተከታዩ ዓመት ብዙ ነገር ተለወጠ። የስም ዝርዝር ተይዞ በየማረፊያው አንድ በአንድ ተጠራን። ሁሉም ሰው ጥንድ አለው፤ ጥንዱን ሳያይ አይራመድም። ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ ልምድ ያለው ሰው ተመደበ፤ እሱን ቀድሞ የማይሄድ የለም፣ ከእሱ ኋላ የሚቀርም የለም። የብረት ሰንሰለቱን መሥሪያ ቤቱ ገዛ። ጂንስ ለብሶ የመጣ ሰው ከመኪና ማቆሚያው አያልፍም። ቀዩ ልብስ አልቀረም፤ ግን ከሥሩ ሱፍ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ በትልቁ የተጻፈ ስም አለ። የምንወርደውም በወጣንበት መንገድ ነው።

ልጁ አሁንም አብሮን ይሠራል። በዚያኛው ዓመት ጥንዱ እኔ ነበርኩ።