ከባሕር ማዶ ያለችው የማይሞቱት አገር፦ የንባብ ማስታወሻዬ

በዚህ ዙር ንባቤ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቶልኪን የልቦለድ ዓለም አፈ ታሪክ፣ ከ‹‹ሲልማሪሊየን››፣ አልወጣሁም። መጽሐፉ የታተመው ደራሲው ካረፈ ከ4 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በልጁ በክሪስቶፈር አዘጋጅነት ነው። እንደ ዜና መዋዕል ስም በስም ላይ ስለሚደራረብበት፣ ለምትጀምሩት ሁሉ ካርታ ከጎናችሁ አኑሩ እላለሁ።

ካርታው ራሱ ከባድ አይደለም። አብዛኛው ታሪክ ከሚፈጸምባት ከመካከለኛው ምድር በስተ ምዕራብ ታላቁ ባሕር አለ። ከባሕሩ ማዶ አማን የተባለችው አህጉር ትገኛለች፤ በምሥራቅ ጠርዟ የፔሎሪ ተራሮች እንደ ቅጥር ቆመዋል፤ የማይሞቱት የዓለም ጠባቂ መናፍስት የሚኖሩባት ቫሊኖር ከእነርሱ ጀርባ ናት።

ጊዜዬን የበላው ለቫሊኖር ብርሃን የሚሰጡት የሁለቱ ዛፎች ሰዓት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ገና ባልነበሩበት ዘመን ቴልፔሪዮን የብር፣ ላውሬሊን የወርቅ ብርሃን ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ዛፍ በ7 ሰዓት ውስጥ ደምቆ ይከስማል፤ ቀኑ ግን 12 ሰዓት ብቻ ነው። 7 እና 7 ደግሞ 14 ነው። ትርፉ 2 ሰዓት የት ገባ? አንዱ ሊከስም አንድ ሰዓት ሲቀረው ሌላው ማብራት ይጀምራል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ብሩና ወርቁ ፈዘዝ ብለው ይቀላቀላሉ። ክብ ስዬ በሁለት ቀለም ስቀባው ባዶ የቀረ ቦታ አላገኘሁም። ክፉው መንፈስ ሜልኮርና በሸረሪት አምሳል ያለችው ኡንጎሊያንት ዛፎቹን ሲገድሉ የወረደው ጨለማ ለምን እንደዚያ እንደሚያስፈራ ከዚህ ሥዕል በላይ ያስረዳኝ የለም።

ከሁሉ የመሰጠኝ ግን አማን ዘላለማዊነትን የማትሰጥ መሆኗ ነው። በባሕሩ መካከል ባለችው ደሴት፣ በኑሜኖር፣ የሚኖሩት ሟች ሰዎች የራሳቸው ዳርቻ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ወደ ምዕራብ እንዳይቀዝፉ ታግደዋል። ጨካኝ እገዳ ነው፤ ዓይናቸው ሩቅ የሚያይ ሰዎች አየሩ ሲጠራ ከተራራቸው ላይ ሆነው በማዶ የምታበራ ነጭ ከተማ ይመለከታሉና። ማጉረምረም ሲጀምሩ መልእክተኞች መጥተው ነገሩን ይገልጡላቸዋል፦ ምድሪቱን የቀደሷት በላይዋ የሚኖሩት የማይሞቱ ናቸው እንጂ እርሷ ማንንም ከሞት አታድንም፤ ሟች ቢገባባት እንዲያውም ቶሎ ይደክማል። ንጉሡ አር-ፋራዞን ግን እርጅና ሲጫነው የሜልኮር አገልጋይ የነበረውን የሳውሮንን ምክር ሰምቶ በመርከብ ወደ አማን ዘመተ፤ ኑሜኖር ሰጠመች፣ ዓለምም ክብ ሆና አማን ከእርሷ ተለየች። የ‹‹ቀለበቶቹ ጌታ›› ጀግና ፍሮዶም ቢሆን ወደዚያ የሄደው ቁስሉ እንዲሽርለት ነው፤ ቶልኪን በደብዳቤዎቹ እንዳብራራው፣ እንደ እርሱ ያለ ሟች በዚያ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው።

የአየርላንዱ የቲር ና ኖግ (የወጣትነት አገር) ተረት ከዚህ ይለያል። ጀግናው ኦሺን ከዚያች አገር ልዕልት ከኒቭ ጋር 300 ዓመት ሳያረጅ ይኖራል፤ ወደ አየርላንድ ተመልሶ ከፈረሱ ወድቆ መሬት ሲነካ ዕድሜው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርድበታል። እዚያ እርጅናን ገትታ የያዘችው አገሪቱ ራሷ ናት። የቶልኪን ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፣ ለእኔም ይበልጥብኛል።

አሁን ሁለቱን አገሮች በሰንጠረዥ ጎን ለጎን እያሰፈርኩ ነው፤ ማን ገባ፣ በማን ፈቃድ፣ ተመልሶስ ወጣ ወይ በሚል። ያስቸገረኝ የቶልኪን መርከበኛ ኤአሬንዲል ነው፦ ከኑሜኖር ዘመን በፊት በአማን ላይ የነበረውን እገዳ ጥሶ ገባ፣ ልመናው ተሰማለት፣ ነገር ግን በመካከለኛው ምድር ሕዝቦች መካከል ዳግም እንዳይመላለስ ተወሰነበት። ለብቻው አንድ ረድፍ ሳልከፍትለት አልቀርም።