ዛሬ ሉፕ አስገባሁ

ዛሬ ማራኪ ከሚባለው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሆርሞን ያለውን ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) አስገብቼ መጣሁ። ሲገባ ቁርጠቱ ያስጨንቃል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ሲስተሯ እያንዳንዱን ነገር ቀድማ እየነገረችኝ ነው የሠራችው። እግዜር ይስጣት!

የሚያሳዝነኝ «ያመክናል»፣ «ወደ ልብ ይወጣል» እየተባለ ስንት እህቶቻችን መፍራታቸው ነው። ሉፕ ልብ ጋር አይደርስም። ሲወጣም የመውለድ አቅም ይመለሳል። ሆርሞኑ የማህፀን በር ፈሳሽን አወፍሮ የወንዱን ዘር ያግዳል። 52 ሚሊ ግራም ሆርሞን የሚይዘው ዓይነት እስከ 8 ዓመት ያገለግላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ጠብ ጠብ ሊል ይችላል። ኋላ የወር አበባ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ አይደለም፤ የማህፀን ግድግዳ ስለሚሳሳ ነው። ኤችአይቪን ግን አይከላከልም።

ጥያቄ ያላችሁ እህቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።