ሲዬናዋ፣ ካምፐሩና ሰባቱ ተሳፋሪዎች

የምሠራው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። መኪና ላይ ሂች፣ ማለትም ተሳቢ የሚታሰርበትን የኋላ ብረት፣ እንገጥማለን፤ አነስ ያሉ ካምፐሮችም እናከራያለን። ካምፐር ለማያውቅ፣ መኪና የሚጎትተው ትንሽ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ አንዳንዱ ሽንት ቤት ሁሉ አለው። ድሮ ደንበኞቻችን ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ነበሩ። አሁን ሐበሻውም እየመጣ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው ይመጡና አባት እስኪሰለቸው ይነዘንዛሉ። አባትም በመጨረሻ ስልኩን ያነሳል።

ከእነዚህ አባቶች አንዱ ኤርፖርት ሰው በማመላለስ የሚተዳደር ነው። መኪናው ቶዮታ ሲዬና ናት፣ ሃይብሪዷ። የኛ ሾፌር ሲዬናን ለምን እንደሚወዳት ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነዳጅ አትበላም፣ ቶሎ አትበላሽም፣ ቤተሰቡን ሁሉ ትይዛለች። ሰውየው ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ፍል ውኃ ሊሄድ አስቧል። ሰባት ናቸው። እሱ፣ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት የሚስቱ አባትና እናት።

ቢሮ ያለው ልጅ በስልክ ሲመዘግበው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ያስተያየው። ሲዬና የመጎተት አቅሟ 3,500 ፓውንድ ነው፤ 1,590 ኪሎ ገደማ። ካምፐሩ ደግሞ ጭነቱን ሁሉ ይዞ ከ3,500 እንዳይበልጥ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ልክ ለልክ ሆነ። ቀብድ ተከፈለ።

ዓርብ ከሰዓት ሲመጡ የማሰሩ ሥራ የኔ ነበር። ሲዬናዋ ሂች አላት፤ ከዚህ ቀደም ብስክሌት ለመጫን ሌላ ቦታ ያስገጠማት ነው። ካምፐሩን አስጠግቼ አፍንጫውን ደግፎ የያዘውን ጃክ ዝቅ ሳደርግ መኪናዋ ከኋላ ቁጢጥ አለች። ሻንጣው ተጭኗል እንጂ ሰዎቹ ገና ውጭ ናቸው። «እስቲ ሁላችሁም ገብታችሁ ተቀመጡልኝ» አልኳቸው። ገቡ። የፊት መብራቱ አጥራችንን ትቶ የጎረቤትን ጣሪያ ማየት ጀመረ።

የሾፌሩን በር ከፈትኩ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ፣ የጎማ ንፋስ ልክ የሚጻፍበት ትንሽ ስቲከር አለ። አሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አለው። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ቁጥሩ የዚያችው መኪና እንጂ የሞዴሉ አይደለም። የእሱ 1,250 ፓውንድ ይላል።

«ወንድሜ፣ ማኑዋሉም ኢንተርኔቱም 3,500 ነው የሚሉት፤ አንተ 1,250ን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ሰው ፊት ነው፣ ልጆቹ እያዩት ነው። ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። የሚጎተት ነገር ክብደቱ ሁሉ መሬት ላይ አያርፍም። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶው ሂቹ ላይ፣ ማለትም መኪናው ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ክብደት ደግሞ እንደ አንድ ተጨማሪ ተሳፋሪ ይቆጠራል። ለዚህ የሚሆን ሚዛን ግቢያችን አለ። የካምፐሩን አፍንጫ አስቀመጥኩበት፤ 400 ፓውንድ አለ። ውኃው፣ ጋዙና ባትሪው ተጨምረው ካምፐሩ ወደ 3,300 ደርሷል። ፋብሪካው ብሮሹር ላይ የሚጽፈው 2,800 የባዶው ነው። በባዶ ካምፐር ደግሞ የሚዝናና ሰው አላየሁም። የውኃ ጋኑ ብቻ ሲሞላ 200 ፓውንድ ይጨምራል።

ከዚያ ሰዎቹን ደመርን። ክብደታቸውን ራሳቸው ነገሩኝ፤ ሚስቱ ትንሽ ቀንሳ ሳይሆን አይቀርም። ሰባቱ 950 ሆኑ። የሂቹ 400 ሲጨመር 1,350። ሻንጣው፣ ማቀዝቀዣው፣ የቡናው ረከቦትና የሂቹ ብረት ራሱ ሳይቆጠሩ 100 ፓውንድ አልፈናል።

3,500 የተባለው ውሸት ነው ማለት አይደለም። የመጎተት አቅም የሚለካበት የኢንዱስትሪ መስፈርት አለ፣ ጄ2807 ይባላል። ቶዮታ ቀድመው ከተቀበሉት ነው፤ በ2011 ሞዴሎቹ ጀመረ። በመስፈርቱ መሠረት ሲለካ መኪናው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። አምስት ሰው ስትጨምር ቁጥሩ ባለበት አይቆይልህም። የዳገት ፈተናው የሚደረገው ደግሞ አሪዞና፣ ዴቪስ ዳም የሚባል መንገድ ላይ ነው። 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፣ ሙቀቱም ያቃጥላል፤ ቀላል ፈተና አይደለም። ነገር ግን ያ ዳገት የሚያበቃው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዴንቨር ስትነሳ ገና 1,600 ሜትር ላይ ነህ። ወደ ግሌንዉድ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አይዘንሃወር ዋሻ ስትደርስ 3,400 ሜትር። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ዋሻው ጋ ሲደርስ ሲሶው የለም። በዚያ ላይ ካምፐር ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ነፋሱን በደረቱ ይገፋል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጀልባ ከዚህ በጣም ይቀላል።

ሰውየው አሁን መቆጣቱን ትቶ መላ መፈለግ ጀመረ። «እሺ፣ ከባድ ከባዱን ዕቃ ካምፐሩ ኋላ እናድርገው። ሂቹ ይቀለዋል» አለ። ይህን ሐሳብ የማያመጣ ደንበኛ የለም። እውነት ነው፣ ሂቹ ይቀለዋል። ግን አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል። ትልቅ መኪና ሲያልፍህ ወይ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ውዝወዛው እየሰፋ ሄዶ መኪናውን ይዞት ይዞራል። ያ 10 በመቶ ዝም ብሎ የተባለ አይደለም።

«ሂቹ ላይ 5,000 ይላል» አለ ቀጥሎ። ይላል። እሱ ብረቱ የሚችለው ነው። ብረቱን የተሸከመችው መኪና ግን አልተለወጠችም። ሞላ ማጠንከሪያም ቢገጠም እንደዚያው ነው። ኋላዋ ቀና ይላል፣ ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር አይነቃነቅም።

ይህን ሁሉ ስንባባል የሚስቱ አባት ከመኪናው ወርደው ካምፐሩን እየዞሩ ያዩ ነበር። ጎንበስ ብለው ጎማውን፣ ከዚያ ማያያዣውን፣ ከዚያ ሽቦውን አዩ። ቱሪስት እንደዚያ አያይም። ለካ ሰውየው የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌር ናቸው፤ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው።

«ፍሬኑስ? የራሱ ፍሬን አለው?» አሉኝ።

«አለው አባባ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ግን ከመኪናው ትእዛዝ ይፈልጋል።»

«ትእዛዙ በየት ነው የሚመጣው?»

ሽቦውን አሳየኋቸው። ሲዬናዋ ላይ ያለው ባለ አራት ፒን ሶኬት ነው፣ መብራት ብቻ ያበራል። የካምፐሩ ፍሬን እንዲሠራ ባለ ሰባት ፒን ያስፈልጋል፣ ከመሪው አጠገብ ደግሞ የፍሬን መቆጣጠሪያ መገጠም አለበት። ሁለቱም የሉም።

«እንግዲያ ፍሬን የለውማ!» አሉ፣ ወደ አማቻቸው ዞረው።

መንገዱን ጠየቁኝ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ዳገት፣ ከዚያ ተራራውን የሚበሳው ዋሻ፣ ከዋሻው ማዶ ደግሞ እስከ ሲልቨርቶርን ድረስ ረጅም ቁልቁለት መሆኑን ነገርኳቸው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና የሚገባበት የጠጠር ጥርጊያ እንደተሠራም አልደበቅኳቸውም። «ጣርማ በር ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ደሴ መንገድን የሚያውቅ ይረዳቸዋል፤ ጣሊያን የበሳው ያ ዋሻም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ሳቁን ትተው «ልጄ፣ ዳገቱ ቢያቅትህ ትቆማለህ። ቁልቁለቱን ግን ማን ያቆምልሃል?» አሉት። እኔ ግማሽ ሰዓት በቁጥር ስታገል የቆየሁበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ትንሽ ቀናሁ።

ያኔ የቢሮው ልጅ መጣ። ደንበኛው ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብሎ ፈርሟል፣ ስለዚህ ይሂድ ነው የሚለው። እኔ አላስርም አልኩ። አለቃችን ተጠራ። እሱ ብዙ አያወራም። መኪናዋን ከጎን አየ፣ በሩን ከፍቶ ስቲከሩን አነበበ፣ «ቀኑን ቀይሩለት፣ ቀብዱ እንዳይነካ» ብሎ ሄደ።

ቀን መቀየር ግን ለልጆቹ ትርጉም የለውም። ትንሿ ማልቀስ ጀመረች። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ወዳጅ ዘመድ ጋ መደወል ያዘ። መጀመሪያ የተገኘው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለር አለው። ሁሉም ደስ አላቸው። ጂፕ ነዋ! ቁመናው ራሱ ቤት የሚጎትት ይመስላል። «በሩን ከፍቶ ፎቶ ያንሳልን» አልኩ። ፎቶው መጣ፤ ከ1,000 ፓውንድ በታች። ከሲዬናዋም ያነሰ። ራንግለር ድንጋይ ላይ ለመውጣት የተሠራ መኪና ነው። ሰውና ዕቃ አጭቆ መሸከም የሱ ሙያ አይደለም። የተራራ መኪና ሁሉ የጭነት መኪና የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ሻጮችም ይህን አያርሙትም።

ፒክአፕ እንከራይ የሚልም ሐሳብ መጣ። የተለመዱት የመኪና አከራዮች ግን አብዛኞቹ በመኪናቸው ተሳቢ መጎተት ይከለክላሉ። ውሉ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ነው የሚገኘው።

በመጨረሻ የተገኘው የዕቁብ ጓደኛው ነው። ቤት ቀለም የሚቀባ ሰው ነው፤ ፎርድ ኤፍ-150 አለው። ስቲከሩ 1,680 ይላል። ባለ ሰባት ፒኑም የፍሬን መቆጣጠሪያውም ከፋብሪካ አብረውት የመጡ ናቸው። ኢንሹራንሱ ጋ ተደውሎ ሌላ ሰው ቢነዳው እንደሚሸፍን ተረጋገጠ። ቅዳሜ ጠዋት ይዞት መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፒክአፑ ሂች ላይ ያለው ኳስ፣ የካምፐሩ ማያያዣ የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ 1⅞ ኢንች ነበር፤ ካምፐሩ የሚፈልገው 2 ኢንች ነው። ትንሹ ኳስ ትልቁ ማያያዣ ውስጥ ይገባል። ይቆለፋልም። ስታየው ምንም ጉድለት የለው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ይወልቃል። ቁጥሩ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ቀየርነው።

አከፋፈላቸው እንዲህ ሆነ። ፒክአፑን እሱ ይነዳል፣ የሚስቱ አባት ጋቢና፣ ትልቁ ልጅ ኋላ ወንበር። ከሂቹ ጭነት ጋር 900 ፓውንድ እንኳ አልሞሉም፤ ከተፈቀደው ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሚስቱ የቀሩትን ይዛ በሲዬናዋ ቀድማ ሄደች። ሁለት መኪና መንዳት ነዳጅ ያስወጣል፤ ግን ሰባት ሰው ጭኖ በምቾት ካምፐር የሚጎትት አንድ መኪና ከፈለግክ የምታወራው ስለ ትልልቆቹ ኤስዩቪዎች ነው። ዋጋቸውን አልጽፈውም።

ካምፐሩን ሲመልሱ ሰውየው ስለ ፍል ውኃው ያወራል ብዬ ስጠብቅ ያወራው ስለ ነዳጅ ነበር። ፒክአፑ ጠጣበት። አባት ደግሞ ስለ ማርሽ ያወራሉ። ከዋሻው ሲወጡ ፍጥነት ቀንስ፣ ማርሽ አውርድ፣ ፍሬኑን እየረገጥክ አትቆይ ሲሉት እንደወረዱ ነገሩኝ። «አውቶማቲክ ነው አባባ፣ እንዴት አወረዱት?» አልኳቸው። «ማርሹ ዘንግ ላይ ቁልፍ አለው አይደል? አማቼ አያውቀውም ነበር፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት» አሉ። አጠገባቸው ያለው አማች ወደ ሌላ ቦታ አየ።

ቢሯችን አሁን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የበሩን ስቲከር ፎቶ ይጠይቃል። ሰው ስንቱን ይልካል መሰላችሁ። የዳሽቦርድ ፎቶ የላከ አለ፣ የታርጋ ፎቶ የላከ አለ። አንዱ የመኪናውን ሙሉ ቁመና፣ እሱ ራሱ አጠገቧ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ ላከልን።

የሲዬናው ሰውዬ በዚያ ጉዞ ተለከፈና የራሱን ፒክአፕ ሊገዛ ተነሳ። ከየዲለሩ ይደውልልኛል። ሻጩ ስለ መጎተት አቅም ሲተርክለት እሱ በሩን ከፍቶ ቁጥሩን ለኔ ያነብልኛል። አንድ ቀን ሁለት ፒክአፕ ጎን ለጎን አገኘ። ሞዴላቸውም ሞተራቸውም አንድ። አንደኛው የቆዳ ወንበር፣ ትልልቅ ጎማና ሰፊ የመስታወት ጣሪያ አለው፤ ሌላው ተራ ነው። የተራው ስቲከር ከ200 ፓውንድ በላይ ይበልጣል፤ ጌጡ ሁሉ ክብደት ነውና ከሚሸከመው ላይ ይቀነሳል። ዋጋውም ይረክሳል። ተራውን ገዛ። ሚስቱ ግን ባገኘችኝ ቁጥር ስለ መስታወት ጣሪያው ታነሳብኛለች።