የእማዬ አግዳሚ ወንበር

ዛሬ ደብረ ብርሃን እማዬ ቤት ዋልኩ። ከባሕር ዛፍ የሠራሁላት አግዳሚ ሰም የተቀባው የጣውላ ወለል ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት ከርሟል። ትናንት ልትቀመጥ ስትል ሸሽቷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስትነግረኝ ሆዴ ተላወሰ።

ገልብጬ ሳየው የእግሮቹ ጫፍ ልሞ መስተዋት መስሏል። ከጎማ የተሠራ አሮጌ በረባሶ አገኘሁና የአንዱን ሶል አራት ቦታ ቆረጥኩት። እግሮቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ በማስቲሽ ለጥፌ፣ በትንንሽ ምስማር መታሁት። የምስማሩ ራስ ጎማው ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጣውላውን ይቧጭራል። ወለሉንም በደንብ ጠረግኩ፤ አቧራ ካለ ጎማም ይንሸራተታል።

እማዬ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ተቀመጠችበት። «አሁን ገና ወንበር ሆነ፤ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ጠረጴዛው ቀርቷል፤ ሁለተኛው ሶል ለእሱ ነው።